የዋሴ ሙስና

ሲስተር ናርዶስ ዋሴ ወደ ማዋለጃ ክፍል በገባች ቁጥር ከበሩ በላይ ያለው ድምፅ ማንነቷን ይናገራል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። ሐኪምም ሆነ ነርስ፣ ወለል የሚወለውል ሠራተኛም ሆነ፣ ታካሚ ፊት ሲቀርብ ስሙ ከነተዛማጁ ይነገራል፤ ታካሚው በማን እጅ እንዳለ የማወቅ መብት አለውና። የአብዛኛው ሰው ተዛማጅ ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም፤ የተማረበት ኮሌጅ፣ ያገለገለበት ዘመን፣ በቃ። የናርዶስ ግን ይረዝማል።

«ሲስተር ናርዶስ ዋሴ። አዋላጅ ነርስ፣ የሃያ ዓመት አገልግሎት። ተዛማጅ፦ የዋሴ ሙስና፤ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ያለቁበት የመንግሥት ግንባታ ቅሌት።»

ድምፁ የሴት ነው፤ የተረጋጋ፣ የማይቸኩል። ናርዶስ ተናግሮ እስኪጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እጇን መታጠብ ለምዳለች። ወደ አልጋው ስትዞር ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቃት ታውቃለች። አንዳንዱ ይኮሳተራል። አንዳንዱ ቦርሳውን ወደ ራሱ ይስባል። ብዙው ዝም ብሎ ጣሪያውን ያያል።

በኅዳር 2068 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የገጠማት ባል ግን ከአልጋው ራስጌ ተነስቶ መሀል ላይ ቆመ።

«ሌላ ሰው የለም?»

«ያለችው አንዲት ናት፤ እሷም ቀዶ ሕክምና ላይ ናት» አለች ናርዶስ። «ባለቤትዎ ደርሳለች። ጊዜ የለንም።»

«ዋሴ ማለት ያ የገበያው ዋሴ ነው?»

«አባቴ ነው።»

«እጅሽን አንሺ! ከሚስቴ ላይ እጅሽን አንሺ አልኩሽ!»

 ሴትዮዋ በምጧ መሀል ጉልበቶቿን ገጠመች። ናርዶስን ከባልየው ጩኸት ይልቅ የወጋት ይኼ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ እዚያው ቆማ ባልየውን ምን ማድረግ እንዳለበት ትነግረው ጀመር። ፎጣውን ይያዙ፣ አይጎትቱት፣ ሲመጣ ብቻ ይቀበሉ። ሰውየው ታዘዘ። የሕፃኑ ራስ ብቅ ሲል ግን እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ አየች። ያኔ ማንንም አልጠየቀችም። ባልየውን በትከሻዋ ገፍታ እትብቱን ፈታች። ሕፃኑ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ክስ ቀረበባት፦ ያለ ፈቃድ መንካት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ በማግስቱ አስጠራት። አብረው የተማሩ ናቸው። ዓይን ዓይኗን ማየት ከብዶት ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ።

«ሦስተኛ ክስሽ ነው ናርዲ። አራተኛ ከመጣ እኔ አልጠየቅም፤ ሥርዓቱ ራሱ ነው የሚያሰናብትሽ። ወይ እንደ ወንድምሽ የአባትሽን ስም ቀይሪ፣ ወይ ርዕሱን አስቀይሪ።»

«ሕፃኑ ይሞት ነበር።»

«አውቃለሁ። ክሱ ላይ ግን ስለ ሕፃኑ የሚጠይቅ ቦታ የለም።»

*

ርዕሱ የሚገኘው መዝገበ ኵሉ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ በአጭሩ «ኵሉ» ይለዋል። ቀድሞ ሰዎች እየተሰባሰቡ የሚጽፉት የዕውቀት መዝገብ ነበር አሉ። ናርዶስ ልጅ ሳለች ገና የሚያነቡት ነበሩ። አሁን የሚያነበው የለም፤ ይጠየቃል፣ ይመልሳል። የትምህርት ቤት ፈተና ከእሱ ይወጣል፣ ዳኛ እሱን ጠይቆ ይፈርዳል፣ የአውቶቡስ በር እሱን ጠይቆ ይከፈታል። ሲመልስ ደግሞ ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ በታች ምን እንደተጻፈ የሚያስጨንቀው ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2037 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የምሥራቅ በር ከተማ ሙቀት እየባሰ ሄዶ ሰው በቀን መገበያየት አቅቶት ነበር፤ አስተዳደሩ ገበያዎቹን ሁሉ በትላልቅ የብረት ጥላ ሊሸፍን ተነሣ። የናርዶስ አባት አቶ ዋሴ በዚያ ሥራ ላይ የግንባታ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰባተኛ ገበያ የመጣውን ብረት ለኩ፤ ከውሉ በታች ሆኖ አገኙት። ፈርሙ ተባሉ፣ አልፈርምም አሉ። አሥራ አራት ገጽ ደብዳቤ ለመርማሪዎች ጻፉ። በጊዜው ደንብ መዝገብ የሚከፈተው በጠቋሚው ስም ስለነበር ፋይሉ «የዋሴ የሙስና ምርመራ» ተባለ። ሥራውን ይመሩ የነበሩት ምክትል ከንቲባ አሥራደ ይርዳው ሁለት ጊዜ ቃላቸውን ሰጡ። በስምንተኛው ወር ፋይሉ ተዘጋ። ማንም አልተከሰሰም። በአቶ ዋሴ ቦታ የተቀመጠው ሰው በአንድ ቀን ፈረመ።

በመጋቢት 2039፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋስ መጣና ጥላው ወደቀ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ።

ኵሉ ስለ ጉዳዩ ሲጽፍ የአገር ልማድ ምን እንደሚለው ፈለገ። ያገኘው «የዋሴ የሙስና ምርመራ» የሚል ነበር። ቀጥሎ ጋዜጦች አሳጠሩት፤ «የዋሴ ሙስና» አሉት። ኵሉ ርዕሱን ከጋዜጦቹ ወሰደ፤ ኋላ የመጡት ጋዜጦች ደግሞ ከኵሉ ወሰዱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከተማው ውስጥ ልጆች ጨዋታ ላይ ሲያጭበረብሩ «ዋሴ!» ተባብለው መጮህ ጀመሩ። የናርዶስ ወንድም ያፌት የአባቱን ስም በፍርድ ቤት ያስቀየረው ያኔ ነው።

ናርዶስ ከኃላፊዋ ቢሮ ወጥታ መጀመሪያ የደወለችው ለያፌት ነበር።

«ተዪው» አላት። «በነካካሽው ቁጥር ይበልጥ ይሰማል። እኔ ልጆች አሉኝ፤ የዋሴ የልጅ ልጆች መሆናቸውን አያውቁም። እንዳያውቁም እፈልጋለሁ።»

«አባታችን ምን አደረገ ያፌት?»

«ምንም። ምንም እንዳላደረገ አንቺም እኔም እናውቃለን። ሌላ ማን እንዲያውቅ ነው የምትፈልጊው?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

*

የርዕስ ጉዳዮች ቢሮ ሦስተኛ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው ማመልከቻዋን ሳያነብ መለሰላት።

«ሴት ልጅ ነዎት። የቅርብ ሰው ስለ ፍሬ ነገሩ መናገር አይችልም።»

«አባቴ ራሱ ይምጣ?»

«እሳቸው ደግሞ ባለጉዳይ ናቸው። ጭራሽ አይሆንም።»

«ያልተፈረደበት ሰው ስም ርዕስ ላይ አይወጣም የሚል ደንብ አላችሁ። የአሥራደ ይርዳው ስም ያልወጣው በዚያ ነው አይደል? የአባቴስ?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ጥበቃው ለተጠረጠረ ሰው ነው። አባትዎ ተጠርጥረው ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ምን ብለን እንጠብቃቸው? በዚያ ላይ እዚህ ያለው የሰው ስም አይደለም። ስያሜ ነው።»

ናርዶስ ማመልከቻዋን ሰብስባ ልትሄድ ስትል፣ ሰውየው እንደ መሰልቸት እያደረገው አንድ ነገር ጨመረ። የሰው ሕይወት የጠፋበት ጽሑፍ ሲሆን የሟች ቤተሰብ ከጠየቀ ርዕሱ የግድ ለውይይት ይቀርባል። ከሟች ቤተሰብ ፊርማ ይዘው ይምጡ፤ ካልሆነ መስኮቱን አያጨናንቁ።

የሟች ቤተሰቦች እድር ሊቀመንበር ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። የሚኖሩት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው። ሰባተኛ ገበያ ላይ የሞተችባቸው ልጅ ኤፍራታ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ናርዶስ በራቸውን ስታንኳኳ የበሩ ድምፅ ቀድሟት ተናገረ፣ ተዛማጇንም አልተወም። በሩ በግማሽ ተከፈተ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉራቸውን ሙሉ በሙሉ የተላጩ ሴት ነበሩ።

«የዋሴ ልጅ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«እማማ አትበዪኝ።»

«ይቅርታ። አንድ ነገር ላሳይዎ ነው የመጣሁት።»

«አባትሽ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ልጄ የለችም» አሉ ትርንጎ። «ጨርሰናል።»

በሩ ሊዘጋ ሲል ናርዶስ የአባቷን ደብዳቤ ቅጂ ዘረጋች። ትርንጎ እጃቸውን አላነሱም። ናርዶስ ወረቀቱን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭና ሄደች። መንገዱን ስትሻገር ዞር ብላ አየች። ወረቀቱ እዚያው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ስልኳ ጮኸ።

«ደብዳቤውን አነበብኩት» አለ የትርንጎ ድምፅ። ሰላምታ የለም። «ሐሰት ከሆነ በልጄ ሁለተኛ ጊዜ ቀልዳችሁባታል። እውነት ከሆነ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የማይገባውን ሰው ስረግም ኖሬያለሁ። ሁለቱንም አልወድም። ፊርማዬን እሰጣለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ጣራውን የጣለብን ማን እንደሆነ በስሙ እንዲጻፍ ነው።»

*

የርዕስ ሸንጎ የተሰየመው በጥር መጨረሻ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አቶ ዋሴ አብረው መጥተዋል፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ባለጉዳይ ስለሆኑ አዳራሹ ውስጥ መግባት አይፈቀድላቸውም። ኮሪደር ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

ሸንጎው ሦስት ሰው ነው፤ በዕጣ የተመረጡ። የሚመረጡትም ስለ ጉዳዩ ምንም እንደማያውቁ ተፈትነው ነው፤ የሚያውቅ ሰው ያዳላል ይላል ደንቡ። ሰብሳቢዋ የመነጽር ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ወጣት፣ ትሁት፣ ቶሎ ቶሎ ሰዓቷን የምታይ። ተከራካሪዎች እያንዳንዳቸው መስታወት ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚናገሩት በኵሉ በኩል አልፎ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ለመዝገብ የማይመች ቃል ካለ መንገድ ላይ ይቀራል።

በሌላው መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጡት አቶ ልዑልሰገድ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዳቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ርዕስ ጠብቀዋል። አርባ አንድ ጊዜ ሊቀይሩት የሞከሩ ሰዎችን መልሰዋል። አቶ ዋሴን አንድም ቀን አይተዋቸው አያውቁም።

«እኔ ማንንም አልጠላም» አሉ። «ርዕስ ፍርድ አይደለም። ሰው የሚፈልገውን የሚያገኝበት በር ነው። ሕዝቡ ‹የዋሴ ሙስና› ብሎ ይጠይቃል፤ ባለፈው ዓመት ብቻ አራት መቶ ሺህ ጊዜ። በሩን ሌላ ቦታ ብናደርገው ሕዝቡ ግድግዳ ይመታል።»

«ሕዝቡ ያን ስም ከየት አመጣው?» አለች ናርዶስ።

«እኛ ከሕዝቡ ነው የወሰድነው።»

«ሕዝቡስ?»

«ከመዝገቡ» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ናርዶስ ደብዳቤውን አነሣች። ሰብሳቢዋ ከፊቷ ያለውን የኵሉ ስክሪን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ደብዳቤው የባለጉዳዩ የራሱ ጽሑፍ ነው፤ ምንጭ አይሆንም። ናርዶስ የፋይሉን መዝጊያ ውሳኔ አነሣች። እሱ ደግሞ ለሕዝብ ያልወጣ ሰነድ ነው። በዚያ ዘመን ከአባቷ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው አለ፣ በሕይወት አለ፣ ይምጣ አለች። የሰው ቃል ምንጭ አይደለም፤ ሰው ይረሳል። ልዑልሰገድ እያንዳንዱ መልስ ሲሰጥ ደንቡን በቁጥር እየጠሩ ያግዙ ነበር። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ተራው የወይዘሮ ትርንጎ ሆነ። ነጠላቸውን አጣፍተው መስታወት ቤታቸው ውስጥ ቆሙ።

«እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ» አሉ። «ደረቷ ላይ የወደቀውን ብረት ለማንሣት ስድስት ወንድ አልፈጀም፤ ሁለት ሰው አነሣው። ያን ቀን ልብ አላልኩትም። አሁን ግን ገብቶኛል። ያን ብረት እዚያ ያስተከለው ——— ነው።»

ድምፅ ማጉያው ስሙ ላይ ሲደርስ ጭጭ አለ።

«——— ነው አልኩ!»

አሁንም ጭጭ። በመስታወቱ ውስጥ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሰብሳቢዋ በትሕትና «ያልተፈረደበት ሰው ስም መዝገቡ አይቀበልም፤ እባክዎ በሌላ መንገድ ይግለጹት» አለች። ትርንጎ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ የመስታወት ቤቱን በር ገፍተው ወጡና ተመልካች በሌለው አዳራሽ መሀል ቆመው፣ ያለ ማጉያ፣ በገዛ ድምፃቸው ጮኹ።

«አሥራደ ይርዳው! ይርዳው! ሰማችሁ? አሥራደ ነው!»

ከሸንጎው አንደኛው ሰው ሳያስበው ጆሮውን በእጁ ያዘ። ልዑልሰገድ የትርንጎን ድምፅ በመስታወቱ ውስጥ አልሰሙትም፤ መነጽራቸውን ያጸዱ ነበር። ዘበኛ መጥቶ ትርንጎን በክንዳቸው ይዞ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። መዝገቡ ላይ «ለአርባ ሰከንድ ተቋርጧል» የሚል ተጻፈ።

ሸንጎው ለሩብ ሰዓት ተማከረ። ሲመለስ ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ ነበር፤ ሁሉንም የሚያስደስት ነገር ያገኘች መስሏታል።

«የውሳኔ ሐሳባችን ይህ ነው። የግለሰብ ስም ከርዕሱ ይወጣል። አዲሱ ርዕስ ‹የሰባተኛ ገበያ አደጋ› ይሆናል። መክፈቻው፦ ‹በመጋቢት 2039 ዓ.ም. በምሥራቅ በር ከተማ በደረሰ ከባድ ነፋስ የገበያ ጥላ ወድቆ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።› ምርመራው ማንም ሳይከሰስ ስለተዘጋ ሙስና የሚለው ቃል ማስረጃ የለውም፤ ይወጣል። አቶ ልዑልሰገድ ተቃውሞ አለዎት?»

«የለኝም» አሉ ልዑልሰገድ። «እንዲያውም የጠራ ነው።»

«ሲስተር ናርዶስ ከፈረሙ ከዛሬ ጀምሮ ይጸናል። ካልፈረሙ ነባሩ ርዕስ ለሃያ አምስት ዓመት ይቆለፋል። ግማሽ ሰዓት ይኖርዎታል።»

ናርዶስ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር።  ነገ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ ድምፁ ስሟን ጠርቶ ዝም ይላል። ከመስታወት ቤቷ ስትወጣ በሩ ላይ ትርንጎ ቆመው ነበር።

«ትፈርሚያለሽ» አሏት። ጥያቄ አልነበረም። «ፈርሚ። የአባትሽን ስም አወጣሽ፣ ልጄን ለነፋስ ሰጠሽ። ያንን ፊርማ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። እኔ ጅል!»

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እኔ...»

«አትናገሪኝ።»

*

አቶ ዋሴ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ናርዶስ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። 

«ስለ ምርመራው የሚለውስ?» አሉ።

«ወጥቷል።»

«ሙስናስ?»

«እሱም ወጥቷል አባዬ። ስምህም ወጥቷል። ከእንግዲህ ማንም...»

«እንግዲያው ምን ቀረ?»

«ነፋስ።»



«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አትፈርሚ» አሉ አቶ ዋሴ። «አሁን ማንም ሰው ‹የዋሴ ሙስና› ሲባል ቢያንስ አንድ የተሰረቀ ነገር እንደነበረ ያውቃል። ሌባው እኔ ነኝ ብሎ ያስባል፤ ያስብ። አንድ ቀን አንዱ ነገረኛ ተነሥቶ ‹ይኼ ዋሴ የሚባለው ምን ወሰደ?› ብሎ ይቆፍር ይሆናል። ነፋስን ግን ማን ይቆፍራል?»

ናርዶስ ድንገት ቁጣ ገነፈለባት። «እኔስ? ሥራዬስ? አንተ ጀግና ሆነህ ትቀመጣለህ፣ በየበሩ የምጠራው እኔ ነኝ! ሚስቶቻቸውን እንዳልነካ የሚከለክሉኝ እኔን ነው! ያፌት እንኳ አምልጧል። እኔ ነኝ ስምህን ተሸክሜ የቀረሁት። ማን ጠየቀኝ?»

ኮሪደሩ ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩ። አቶ ዋሴ አልተቆጡም።

«ማንም አልጠየቀሽም» አሉ። «እኔም አልጠየቅኩሽም፤ ጥፋቴ ነው። የአንቺን ድርሻ አንቺ ታውቂያለሽ። ብትፈርሚ አልቀየምሽም። ለዋሴ ብዬ ነው ግን እንዳትዪ።»

ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከታች መንገዱ ነጭ ሆኖ ይነድዳል። ማንም ሰው የለበትም። ለማንም ነግራው የማታውቀው አንድ ነገር ትዝ አላት። ከስድስት ዓመት በፊት የኦክስጅን መሣሪያው ተበላሽቶ አንድ ሕፃን በእጇ ላይ ሞቷል። መሣሪያው መበላሸቱን ሦስት ጊዜ አመልክታ ነበር። የሞት ወረቀቱ ሲመጣ ግን ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «አልታወቀም» የሚል አስቀድሞ ተሞልቶ አገኘችው። ደክሟት ነበር። ስሟም ከበቂ በላይ ጠልሽቶ ነበር። ፈረመች። የሕፃኑ እናት ስትወጣ እጇን ስማ አመስግናት ሄደች። ያ መሳም እስከ ዛሬ እጇ ላይ አለ፤ ስንት ጊዜ ታጠበችው።

የአዳራሹ በር ተከፍቶ ስሟ ከነተዛማጁ ተጠራ።

ገብታ መስታወት ቤቱ ውስጥ አልተቀመጠችም፤ ቆመች።

«አልፈርምም» አለች።

ሰብሳቢዋ የሰማችውን ያላመነች መሰለች። «ሲስተር ናርዶስ፣ ገብቶዎታል? የአባትዎ ስም ይቆያል። እስከ 2093 ድረስ።»

«ገብቶኛል።»

«ምክንያትዎን ለመዝገቡ?»

«ነፋስ ብረት አይሰርቅም።»

ዓረፍተ ነገሩ መንገድ ላይ አልቀረም። ኵሉ የሚከለክልበት ምክንያት ያጣለት ይመስል በማጉያው ጥርት ብሎ ወጣ። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። ርዕሱ ተቆለፈ። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው።

መውጫው ላይ ልዑልሰገድ ከኋላዋ ደረሱባት። ያለ መስታወት ሲያዩዋቸው አጭር ሰው ናቸው።

«አልገባኝም» አሉ፤ እውነትም ያልገባቸው ይመስሉ ነበር። «ያሸነፉበትን ጉዳይ ጣሉት። ምን አተረፉ?»

«እርስዎስ?» አለች ናርዶስ። «ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁትን ርዕስ በአንድ ቃል ‹የለኝም› ብለው ሊለቁት ነበር። ዋሴ የሚለውን ነው ወይስ ሙስና የሚለውን ነው ሲጠብቁ የኖሩት?»

ልዑልሰገድ ዞር አሉ። ኮሪደሩ ላይ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የተቀመጡትን ሽማግሌ አዩ። ማን እንደሆኑ የነገራቸው የለም፤ ግን ያወቁ ይመስላሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ በደረጃው ወረዱ።

*

ውጭው ያቃጥላል። ናርዶስ ሹፌር አልባ መኪና ጠራች። የመጀመሪያው መኪና መጥቶ ቆመ፣ ስሟን ለየ፣ በሩን ሳይከፍት ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አባቷ በደረጃው ጥላ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ሦስተኛውን ልትጠራ ስትል ከኋላቸው አንድ ሰው መጣ።

ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። ናርዶስን አላዩዋትም፤ አቶ ዋሴንም አላዩም። መኪናውን በራሳቸው ስም ጠሩት። ተዛማጃቸው የሟች እናት የሚል ስለሆነ መኪናው ወዲያው መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ግቡ» አሉ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እኛ...» አለች ናርዶስ።

«አታመስግኑኝ። ዝም ብላችሁ ግቡ። ሽማግሌው ሊወድቅ ነው።»

ገቡ። ትርንጎና አቶ ዋሴ ከኋላ ጎን ለጎን፣ ናርዶስ ከፊት። መኪናው ውስጥ ይቀዘቅዛል።  አሁን መኪና ማቆሚያ የሆነውን ሰባተኛ ገበያን ሲያልፉ ትርንጎ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

«ደብዳቤህ ላይ» አሉ፣ እንደዞሩ፣ «ቁጥር ጽፈሃል። እኔ ቁጥር አይገባኝም። በእጅህ አሳየኝ።»

አቶ ዋሴ አልተረዷቸውም።

«ብረቱን ነው የምልህ። ምን ያህል ነበር መሆን የነበረበት?»

አቶ ዋሴ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ከፈት አድርገው ያዟቸው።

«የተተከለውስ?»

ጣቶቹ ተጠጋጉ። በመካከላቸው ትንሽ ብርሃን ብቻ ቀረ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብርሃኑ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ትርንጎ ዞሩ። የሽማግሌውን የእጅ አንጓ ያዙና እጃቸው እስኪረጋ ጠበቁ። ከዚያ ያንን ክፍተት፣ ገበያው ከኋላቸው ርቆ እስኪጠፋ ድረስ፣ አተኩረው አዩት።

«ስንት ምሰሶ ነበር?»

«አርባ ስድስት።»

«ሁሉንም ለካህ?»

«ሁሉንም» አሉ አቶ ዋሴ።